የሙታን መዝገብ ለሕያዋን የሚሰጠው ጥቅም

በአገራችን ልማድ ሰው ሲሞት የሚቀር ሥርዐት የለም። መርዶው ይነገራል፤ ዘመድ ከሩቅም ከቅርብም ይጠራል፤ ካህናት ፍትሐት ይፈታሉ፤ ከዚያም ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ ዐሥራ ሁለቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ እየተቆጠረ ይታሰባል። ዐቅም ያለውም እስከ ሰባተኛው ዓመት ድረስ ተዝካር ያወጣል። ነገር ግን ስለ ሟቹ ነፍስ ይህን ያህል የሚደክም ወገን፣ ሟቹ የማንና የማን ልጅ እንደ ነበረ፣ በምን ቀን በምን ስፍራ እንደ ሞተ፣ በየትኛው ደብር እንደ ተቀበረ በአንዲት ወረቀት ጽፎ ለልጆቹ ሲያስቀምጥ እምብዛም አይታይም። ከሁለት ትውልድ በኋላ የልጅ ልጆቹ የአያታቸውን መቃብር ፈልገው የሚያጡት፣ የቅድመ አያታቸውን ስም ሲጠየቁም አንገታቸውን የሚደፉት ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን፣ የሞት መዝገብ ለሟቹ ሳይሆን ለሕያዋን ምን እንደሚጠቅም፣ በእርሱም መሪነት የአባቶችንና የእናቶችን ሐረግ ወደ ኋላ ቈጥሮ ማግኘት እንዴት እንደሚቻል፣ ምሳሌውን ከደብረ ታቦርና ከዙሪያዋ ከበጌምድር ደጋ እየወሰድን ለማስረዳት አስበናል።

ሌሎች ሕዝቦች ይህን ነገር እንዴት እንደ ጀመሩት

በእንግሊዝ አገር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1538 ዓ.ም. የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሹም የነበረው ቶማስ ክሮምዌል፣ እያንዳንዱ ደብር የተጠመቀውን፣ የተጋባውንና የተቀበረውን ሰው በመዝገብ እንዲጽፍ አዘዘ። ከ299 ዓመት በኋላ ደግሞ በ1837 ሐምሌ 1 ቀን መንግሥት ራሱ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ከፈተ። ፈረንሳዮችም በ1792 መዝገቡን ከቤተ ክርስቲያን ወደ መንግሥት ሹማምንት አዛወሩት። በዚህ ምክንያት በእነዚያ አገሮች የሚኖር ሰው፣ የገበሬ ልጅም ቢሆን፣ ወደ መዝገብ ቤት ሄዶ የአያቱን አያት ስምና የሞተበትን ቀን ለማግኘት ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ግን የስኮትላንድ ሰዎች ሥራ የሚመሰገን ነው። እነርሱ በ1855 መዝገባቸውን ሲከፍቱ፣ በሞት መዝገቡ ላይ የሟቹ አባት ስም ብቻ ሳይሆን የእናቱም ስም ከነአባቷ ቤት መጠሪያ እንዲጻፍ ደነገጉ። በእንግሊዝ የሞት መዝገብ ግን በዚያን ጊዜ የሟቹ ወላጆች ስም በሥርዐት የሚጻፍበት ዐምድ አልነበረም። ስለዚህ ከስኮትላንዱ አንድ ወረቀት ወደ ሁለት አያቶች ቤት መንገድ ይከፈታል፤ ከእንግሊዙ ወረቀት ግን ሌላ ምስክር ሳይጨመርበት ወደ ወላጆች ለመሻገር ይቸግራል። ይህን ልዩነት አንባቢ ልብ ይበል፤ ወደ ኋላ ስለ እናት ወገን ስንናገር ይጠቅመናልና።

በእኛ አገር ሐረግ እንዴት ይጠበቅ ነበር

በእኛ አገር እንዲህ ያለው መዝገብ ባይኖርም፣ አባቶቻችን ዘራቸውን ሳያውቁ ኖረዋል ማለት አይደለም። በበጌምድር ርስት የሚገኘው መሬቱን አስቀድሞ ካቀናው አባት መወለድን በመቍጠር ነበር። ቈጠራውም በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም ይሆን ነበርና፣ አንድ ሰው በአያቱ እናት በኩል እንኳ ድርሻ አለኝ ብሎ ሊከራከር ይችል ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለው ስለዚህ ነው። እንግዲህ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዝላት እያለ ሐረጉን በቃሉ የማይዘልቅ ሰው በሽማግሌ ፊት ቆሞ የሚያርሰውን ሊያጣ ይችላልና፣ ልጅ ገና ከብት ጠባቂ ሳለ የዘሩን ቈጠራ ይማር ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ግን የርስት ክርክር ቀረ። አዋጁ ለጭሰኛው ስላመጣው ነገር ሌሎች ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ቤተ ሰብ ዕውቀት ያመጣውን ግን ያስተዋለው ጥቂት ነው። መሬት በአባቶች ስም መገኘቱ ሲቀር፣ የአባቶችን ስም በቃል ማጥናትም ደመወዝ የሌለው ሥራ ሆነ። ዛሬ በፋርጣም፣ በእስቴም፣ በጋይንትም ቢሆን የሰባት ትውልድ ስም ሳይደናቀፍ የሚቈጥር ሽማግሌ ሲገኝ እንደ ብርቅ ይታያል። ልጆቹም ከአያታቸው ስም አያልፉም፤ እርሱንም የሚያውቁት የትምህርት ቤትና የመታወቂያ ወረቀት ስለሚጠይቃቸው ነው።

የተጻፈ ነገር ጭራሽ አልነበረም ማለትም አይደለም። የነገሥታት ዜና መዋዕል የመኳንንቱን ሞት ይናገራል። ደብረ ታቦርን ከተማቸው ካደረጉት ከራስ ጉግሣ መርሶ ወገን፣ ልጃቸው ራስ ማርዬ በ1823 ዓ.ም. በደብረ ዐባይ ጦርነት መውደቃቸው ይታወቃል። ኋላም ራስ ጉግሣ ወሌ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም መሞታቸው ከነቀኑ ተጽፏል። ከራስ ማርዬም ከራስ ጉግሣም ጋር በዚያ ሜዳ የወደቀው የበጌምድር ባላገር ግን ቀኑ ከጌታው ጋር አንድ ሆኖ ሳለ ስሙ አልተጻፈም። ባለጋሻውን የሚያስታውሰው እናቱ ያወረደችው ሙሾ ብቻ ነበር፤ ሙሾ ደግሞ ከአልቃሿ ጋር ይሞታል።

በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ የተጻፈውም ቀላል አይደለም። በጎንደርና በበጌምድር ደብሮች በወንጌሉና በስንክሳሩ ባዶ ቅጠል ላይ የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታ፣ ኑዛዜና ውርስ ከነምስክሮቹ ስም ይጻፍ ነበር። መጽሐፍ ያጻፈ ሰውም የራሱን፣ የአባቱንና የእናቱን ስም በጸሎት እንዲታሰብ ያስጽፋል። ዶናልድ ክረሚ የተባሉ የታሪክ ሊቅ በፈረንጅ በ2000 ዓ.ም. ያወጡት ስለ ክርስቲያኑ መንግሥት መሬትና ኅብረተ ሰብ የሚናገር መጽሐፍ ከእንዲህ ያሉ ጽሑፎች ብዙ የቀዳ ነው። ከ1973 ጀምሮ በፈረንጅ አቈጣጠር የአገራችን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ እነዚህ የኅዳግ ጽሑፎችም አብረው ተነሥተዋል።

ነገር ግን ብዙው ጠፍቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ጎንደርን፣ ወደ መቅደላ ሲነሡም በ1860 ደብረ ታቦርን በእሳት አቃጠሉ። በ1880 ድርቡሽ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። ወዲያው ከብት ያለቀበትና ሰው በረኀብ የረገፈበት ክፉ ቀን ተከተለ። በ1911 ደግሞ የኅዳር በሽታ መጣ። መጽሐፉ ሲቃጠል ሽማግሌው በቃሉ ይተካው ነበር፤ ሽማግሌው ሲሞት ደግሞ መጽሐፉ ይመሰክር ነበር። ሁለቱ በአንድ ዘመን በጠፉበት ቤት ግን ሐረጉ ከዚያ ላይ ተቈርጦ ቀርቷል።

ከጋፋት የወጣ አንድ ሐረግ

መዝገብ ያለውና የሌለው ወገን እንዴት እንደሚለያይ ለማየት ከደብረ ታቦር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጋፋት ከከተማዋ አጠገብ ናት። በዚያ የአውሮፓ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችና ሚስዮናውያን ለዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያቀልጡ ነበር። ከእነርሱ አንዱ በፖላንድ አገር የተወለደው ሞሪትስ ሐል ነበር። ሐል ያገባት ካታሪና የምትባለውን፣ በአገራችን ስሟ ወለተ ኢየሱስ የሆነችውን፣ የጀርመናዊውን ሠዓሊ የኤድዋርድ ሳንደርን ልጅ ነው፤ እናቷም ኢትዮጵያዊት ነበረች። ከሐልና ከወለተ ኢየሱስ በ1860 በመቅደላ ማግዳሌና ተወለደች። ቤተ ሰቡ ከአገር ከወጣ በኋላ በያፋ ተቀመጠ፤ ማግዳሌናም በዚያ ባሮን ፕላቶን ፎን ኡስቲኖቭን አገባች። የእነርሱ የልጅ ልጅ በፈረንጅ በ1921 በለንደን ተወልዶ በ2004 የሞተው፣ ሁለት ጊዜ የኦስካር ሽልማት የተቀበለው ዝነኛው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው።

አሁን ይህን ሐረግ ወደ ኋላ የሚከተል ሰው ምን ያገኛል? የሳንደርን፣ የሐልንና የኡስቲኖቭን ወገን በየአገሩ የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ እየመራው እስከ ብዙ ትውልድ ይሄዳል። የወለተ ኢየሱስ እናት ወገን ዘንድ ሲደርስ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ አይቀበለውም። ሊቃውንት ስለዚች ቤት ጽፈዋል፤ የሚደገፉትም በመንገደኞች ማስታወሻና በቤተ ሰብ ወግ ላይ ነው። ከአንድ ትዳር ከተወለደች አንዲት ልጅ ግማሽ ዘሯ በቀለም ተጽፎ ግማሹ በአፍ ብቻ ቀረ። በአፍ የቀረውም የእኛው ወገን ነው።

ሌላም ምሳሌ እንጨምር። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በኅዳር ወር 1872 በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ በሳንባ ደዌ ሲሞት፣ ቀኑ፣ ስፍራውና ሕመሙ ታውቆ በዊንድዘር ተቀበረ። እናቱ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ከመቅደላ በወጡ በአንድ ወር ገደማ፣ በግንቦት 1860፣ በጕዞ ላይ ሞተው በጨለቆት ተቀብረዋል። የንግሥቲቱን ዕለተ ሞት በቀኑ ጽፈው ያቈዩልን ከወሰዷቸው የእንግሊዝ ወታደሮች ጋር የነበሩ ሰዎች መሆናቸው የሚያሳዝን ነው። የንጉሥ ሚስት እንኳ እንዲህ ከሆነች፣ በዚያው መንገድ ላይ የሞተችው ደንገጥር ስሟን ማን ይጽፍላታል?

ሕጉ ምን ይላል

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት የክብር መዝገብ እንዲቋቋም በሰፊው ደንግጎ ነበር። ነገር ግን የዚያው ሕግ መጨረሻ፣ የመዝገቡ ሥራ ወደ ፊት በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ እስኪጀመር ድረስ እንዲቈይ አደረገው። በአዲስ አበባና በአንዳንድ ከተሞች ማዘጋጃ ቤቶች ለሚጠይቃቸው ሰው የምስክር ወረቀት ይሰጡ ነበር፤ ለአገር ሁሉ የሚሆን መዝገብ ግን አልነበረም። በመጨረሻ የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቍጥር 760/2004 ወጣ፤ ሥራውም ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ተጀመረ። ከፍትሐ ብሔር ሕጉ እስከዚህ ቀን 56 ዓመት አለፈ። በዚያ ሁሉ ዘመን የሞተው ሰው ስሙ ያለው በዘመዶቹ ልብ ብቻ ነው።

በአዋጁ መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ፣ ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ሞቱንም የሚያስታውቀው ከሟቹ ጋር አብሮ ይኖር የነበረ ሰው ነው፤ እርሱ ባይኖር ዘመድ፣ ዘመድም ባይኖር ጎረቤት ነው። ሠላሳው ቀን ከአርባው በፊት ያልቃል። ስለ አርባው ድግስ ጌሾና ብቅል የሚያስብ ቤተ ሰብ፣ ከዚያ ዐሥር ቀን አስቀድሞ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት አንድ ሰው መላክን አብሮ ቢያስብ ግዴታውን ይፈጽማል።

ይህ ነገር ለችሎት ሰው ከወግ በላይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውርስ የሚከፈተው ሰውየው በሞተ ጊዜ ነው፤ ወራሽም ለመሆን ሟቹ በሞተበት ጊዜ በሕይወት መኖር ያስፈልጋል። አባትና ልጅ በጥቂት ቀን ልዩነት ቢሞቱ፣ ማን አስቀድሞ እንደ ሞተ ካልታወቀ ቤቱ ለማን እንደሚሄድ አይታወቅም። በቍጥር 1000 ደግሞ፣ ወራሽነቱን ለማስከበር የሚከስ ሰው መብቱንና ሀብቱ በሌላ እጅ መያዙን ካወቀ 3 ዓመት ካለፈው፣ በማናቸውም ሁኔታ ደግሞ ሟቹ ከሞተ ወይም ከሳሹ በመብቱ ሊሠራበት ከቻለ 15 ዓመት ካለፈው፣ ስለ ዘር ርስት ከተጠበቀው በቀር ክሱ በይርጋ ይቀራል። እንግዲህ የሞት ቀን በአንድ ዓመት ቢሳት፣ የሙት ልጅ መብት አብሮ ሊሳት ነው።

ስለ ሁለት የእድር መዝገቦች

ጸሓፊው በሥራው ካያቸው ጕዳዮች አንዱን ስም ሳይጠራ ቢነግር ነገሩን ያስረዳል። በአንዲት ከተማ የሚነግድ ሰው ልጅ ሳይወልድ ሞተ፤ ወላጆቹም ቀድመውት ሞተው ነበር። የአባቱ ወገኖች ወራሾች ነን ብለው ቀረቡ። ወዲያው ከገጠር አንዲት ሴት መጥታ፣ «እኔ የእናቱ ልጅ የእኅቱ ልጅ ነኝ፤ እናቴም ሞታለች» አለች። የአባት ወገኖቹም «እናቱ ከእርሱ በቀር አልወለደችም፤ ይህችን ሴት አናውቃትም» ብለው ካዱ። ሴትዮዋ የቈጠረቻቸው ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ ሞቶ አንዱ ጆሮው ደክሞ ተገኙ። ሕጉ ግን ልጅ ለሌለው ሟች በወላጆቹ እግር ልጆቻቸውን ስለሚተካ፣ ያለችው እውነት ከሆነ የእናቲቱ ወገን ድርሻ ግማሽ ነበር።

በኋላ ሴትዮዋ የመንደሯን እድር መዝገብ ይዞ የሚመጣ ሰው አመጣች። እድር፣ አንባቢ እንደሚያውቀው፣ ለአባሉ ብቻ ሳይሆን ለአባቱ፣ ለእናቱ፣ ለባለቤቱ፣ ለልጁ ሞትም ይከፍላል፤ ሲከፍልም ለማን ሞት እንደ ከፈለ ይጽፋል። በገጠሩ መዝገብ «ለእናቷ ሞት» ተብሎ ለሴትዮዋ እናት የተከፈለ ገንዘብ ከነሟቿ ስምና ከነቀኑ ተጽፎ ነበር። የከተማውም እድር መዝገቡን እንዲያቀርብ ሲታዘዝ፣ በዚያው ሳምንት «ለእናቱ ሞት» ተብሎ ለነጋዴው የተከፈለ ገንዘብ ተገኘ፤ የሟቿም ስም ከነአባቷ አንድ ነበር። ሁለቱ ጸሓፊዎች ተጠርተው የእጅ ጽሕፈታቸው መሆኑን መሰከሩ። እርስ በርሳቸው ሳይተዋወቁ፣ የአንዲትን አሮጊት ሞት በሁለት ቀበሌ በጻፉ ሁለት ሰዎች ቀለም፣ የእኅትና የወንድም ዝምድና ታወቀ። ለሴትዮዋም ድርሻዋ ተሰጣት። ስትወጣ ግን ስለ ቤቱ ሳይሆን፣ የእናቷ ስም በተጻፈበት ገጽ ላይ ጣቷን አኑራ፣ ይህ ገጽ ተገልብጦ ሊሰጣት ይችል እንደ ሆነ ጠየቀች።

ስለ ስም መለዋወጥ

በአገራችን የሙታንን ዱካ የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው እንቅፋት ስም ነው። እናት ያወጣችው የዓለም ስም አለ፤ በጥምቀት የተሰጠ የክርስትና ስም አለ፤ ለመኳንንት የፈረስ ስም አለ፤ በእርጅና ለመነኰሰ ደግሞ የምንኵስና ስም ይጨመራል። ጎረቤት በዓለም ስሟ የሚያውቃት ሴት፣ በፍትሐት ላይ ወለተ ማርያም ትባላለች፤ መንኵሳ ከሞተችም እማሆይ ተብላ በሌላ ስም ትጠራለች። ካህኑ በቅዳሴ የሚያስባት በክርስትና ስሟ ነውና፣ ዓለማዊ ስሟን ይዞ ወደ ደብሩ የሚሄድ የልጅ ልጅ «እንዲህ የምትባል አናውቅም» ተብሎ ይመለሳል። አዲሱ የመንግሥት መዝገብ ደግሞ የሚያውቀው ስሟን ከአባቷና ከአያቷ ስም ጋር ነው። ስለዚህ ስሞቹን ሁሉ በአንድ ቦታ የሚያገናኛቸው ቤተ ሰቡ ራሱ ካልጻፋቸው በቀር ሌላ የለም።

ሁለተኛው እንቅፋት የእናት ወገን ነው። ሰው በአባቱና በአያቱ ስም ሲጠራ የእናቱ ስም ከወረቀት ይወጣል። አባቶቻችን ርስት በእናትም ስለሚገኝ እናትን ይቈጥሩ ነበር፤ እኛ ግን ርስቱ ሲቀር እናቲቱን አብረን ተውናት። ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንዲጣራ የሚፈልግ ቤተ ሰብም በሁለቱም ወገን መቍጠር አለበት፤ በእናት በኩል ያልተቈጠረ ዝምድና ግማሹ አልተቈጠረምና። የስኮትላንድ ሰዎች በሞት መዝገባቸው ያደረጉትን፣ እያንዳንዱ የቤት ጌታና የቤት እመቤት በቤቱ ደብተር ሊያደርገው ይችላል።

ቀኑ የጠፋውን ሞት ስለ ማግኘት

ሽማግሌዎቻችን ዓመተ ምሕረቱን ባይናገሩም ዘመኑን ይናገራሉ፤ ወንጌላዊውን፣ የበዓሉን ስምና ያን ጊዜ የሆነውን ነገር ያውቃሉ። ይህ ለሚያስተውለው ሰው ሙሉ ምስክር ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ እንደሚያውቀው፣ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተጨምሮ ለ4 ሲካፈል፣ 1 ቢተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው።

ለምሳሌ አንዲት አሮጊት «እናቴ የሞተችው ጣልያን ከወጣ በኋላ በመጀመሪያው ዘመነ ዮሐንስ በሰኔ ሚካኤል ነው» ብትል፣ ጣልያን ከደብረ ታቦር የወጣው በ1933 ነውና፣ ከዚያ በኋላ የሚገኘው ዘመነ ዮሐንስ 1936 ነው፤ ሞቷም ሰኔ 12 ቀን 1936 ዓ.ም. ነው ማለት ነው። ሌላው «አያቴ በኅዳር በሽታ፣ በዘመነ ማርቆስ ሞተ» ቢል ግን ሊጠየቅ ይገባዋል፤ በሽታው የገባበት 1911 ዘመነ ሉቃስ ነውና፣ ወይ ዘመኑን ወይ በሽታውን ተሳስቷል።

የዝክሩ ቀንም ይረዳል። «የአባታችን አርባ በቃና ዘገሊላ ዋለ» የሚል ቤተ ሰብ ቢገኝ፣ ቃና ዘገሊላ ጥር 12 ነው። ወራችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለ ሆነ፣ ዕለተ ሞቱን አንድ ብለን ወደ ኋላ ብንቈጥር ታኅሣሥ 3፣ የበዓታ ዕለት እናገኛለን። ልጆቹ ቀኑን ረስተው ድግሱን ማስታወሳቸው ቀኑን መልሶ ሰጣቸው።

ፈላጊው የሚሄድበት መንገድ

አንደኛ፤ ከቅርቡ ሙት ይጀመር። የአያቱን ሞት ሳያጣራ ወደ ራሶችና ወደ ነገሥታት ዘር ለመድረስ የሚቸኵል ሰው፣ የሚያገኘው ሐረግ ሳይሆን ምኞቱን ነው።

ሁለተኛ፤ ሽማግሌዎች፣ ይልቁንም አሮጊቶች፣ በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ። በለቅሶ ቤት ማን የማን እንደ ሆነ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ያውቃሉ። ጥያቄውም በትሕትና ይሁን፤ «ስንተኛ ዓመትዎ ነው?» ከማለት «የእናትዎ ተዝካር የት ወጣ? ማንስ ድንኳን ተከለ?» ማለት ብዙ ነገር ያስወጣል።

ሦስተኛ፤ የተቀበሩበት ደብር ይፈለግ። ገበዙንና መሪጌታውን በክርስትና ስም መጠየቅ፣ በመጽሐፉም ኅዳግ የቤተ ሰቡ ስም እንዳለ በእነርሱ ፈቃድ ማሳየት ነው። ቅጠሉን መቅደድም ሆነ መጽሐፉን ማውጣት ግን ነውርም ወንጀልም ነው።

አራተኛ፤ የእድርና የማኅበር መዝገብ፣ በቀብር ላይ የተነበበ የሕይወት ታሪክ፣ በመቃብር ድንጋይ የተቀረጸ ጽሕፈት ይታይ። ያ በቀብር ዕለት የሚነበበው ወረቀት የትውልድ ስፍራን፣ የወላጆችንና የልጆችን ስም ይዞ ሳለ፣ ብዙ ጊዜ ከሦስት ቀን በኋላ አይገኝም።

አምስተኛ፤ በፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ የተሰጠበት መዝገብ ካለ ግልባጩ ይጠየቅ። በእርሱ ላይ የሟቹ ስም፣ የሞተበት ቀን፣ የልጆቹና የምስክሮቹ ስም በአንድነት ይገኛል።

ስድስተኛ፤ የተገኘው ሁሉ ከነምንጩ ይጻፍ። የሞት ምስክር ወረቀት እንኳ ቢሆን ሁሉ ነገሩ እኩል አይታመንም። የሞቱን ቀንና ስፍራ የሚናገረው ያየው ሰው ነውና ጽኑ ነው፤ የሟቹን የልደት ዘመን የሚናገረው ግን ብዙ ጊዜ ከሟቹ በኋላ የተወለደ ልጁ ነው። ሟቹ ስለ ራሱ ቆሞ ሊመሰክር አይችልም። ስለዚህ «ልጁ እንደ ተናገረው»፣ «በእድሩ መዝገብ እንደ ተገኘው» እያሉ መለየት ይገባል።

የሞት ምክንያትም መጻፍ አለበት። በለንደን ጆን ግራውንት የተባለ ነጋዴ በፈረንጅ በ1662 ዓ.ም. የሟቾችን ዝርዝር መርምሮ ስለ በሽታዎች የጻፈው መጽሐፍ ለብዙ ዕውቀት መነሻ ሆኗል። በአገራችንም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚመራው የዳባት የምርምር ጣቢያ፣ ሐኪም ሳያያቸው የሞቱ ሰዎችን ሕመም ዘመዶቻቸውን በመጠየቅ ሲያጠና ኖሯል። በአንድ ቤት አያትም፣ አባትም፣ አጎትም በድንገት በልብ ሕመም የሞቱ እንደ ሆነ፣ ይህን ያወቀ ልጅ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሄዳል። ሕመምን መደበቅ ግን የሟቹን ክብር አይጨምርም፤ የልጆቹን ዕድሜ ግን ሊቀንስ ይችላል።

በቤት ደብተር የሚጻፈውም ረዥም አይደለም። «እገሌ፤ የክርስትና ስሙ እገሌ፤ አባቱ እገሌ፣ እናቱ የእገሌ ልጅ እገሊት፤ በዚህ አገር ተወልዶ በዚህ ቀን በዚህ ሕመም ሞተ፤ በዚህ ደብር ተቀበረ፤ የቀሩት ልጆቹ እነ እገሌ ናቸው፤ ይህን የጻፍኩ እኔ ልጁ እገሌ» ቢባል ይበቃል። ለጽሕፈቱ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፤ ከእናንተ ብዙዎቹ የመንግሥት መዝገብ በእጃችሁ ያለ፣ የሌላውን ሰው ጕዳይ ቍጥርና ቀን ሰጥታችሁ የምታኖሩ ናችሁ። ለገዛ ቤታችሁ ሙታን ግን ይህን ያህል ቀለም አትንፈጉ። በዚህ ዓመት በቤታችሁ ለቅሶ ገብቶ እንደ ሆነ፣ ሠላሳው ቀን ሳያልፍ ሞቱን አስመዝግቡ፤ የቈየ ከሆነም ዛሬ ማታ ከቤቱ ታላቅ ሰው አጠገብ ተቀምጣችሁ የእናቱን እናት ስም ጠይቁ። የሚነግራችሁ ሰው ገና በሕይወት ሳለ ጻፉት፤ እርሱ ካለፈ በኋላ የሚጠየቅ አይኖርምና።